ለሽያጭ የቀረበ ሰፈር

ቅዳሜ ጠዋት አስቻለው ከመሬት በታች፣ ቤዝመንት ውስጥ ባለው ክፍሉ ካልሲውን እያጠለቀ ሳለ የእህቱ ባል መስፍን በስልክ ሲያወራ ሰማው። ሊሰማ ብሎ አልነበረም። ሂተሩ ጸጥ ሲል ኩሽና ውስጥ የሚወራው ሁሉ በአየር ቱቦው ወደ ታች ይወርዳል፤ በሰባት ዓመት ውስጥ የባልና ሚስቱን ሳቅም ኩርፊያም፣ የልጃቸውን የሔቨንን የሂሳብ ውጤትም የሰማው በዚያው ቱቦ ነው። «የት ይሄዳሉ ብለህ ነው?» ይላል መስፍን። «ትሬይለር ቤቱ የራሳቸው ነው፤ የኛ የሚሆነው መሬቱ ነው። ነቅሎ ሌላ ቦታ ለመትከል አሥራ አምስት ሺህ ዶላር ይፈጃል፤ ያረጀ ስለሆነ ደግሞ ሲነቀል ይበታተናል። ስለዚህ ኪራዩን ጨምርባቸው፣ ይከፍላሉ። ምርጫ የላቸውም እኮ!» ከዚያ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ከብዙ ዓመት በኋላ መውጫ በር ያየ ሰው ሳቅ ነበር። «ቧንቧውን ዛሬ አስቹ ያይልናል። የራሳችን ሰው ነው፣ አያስከፍለንም።»

አስቻለው አርባ አራት ዓመቱ ነው። ቻምበርስ ሮድ ላይ ሁለት መቶ አባወራ በሚኖርበት የአፓርታማ ግቢ የጥገና ሠራተኛ ሆኖ ይሠራል፤ የተደፈነ ይከፍታል፣ የሚያፈስ ይዘጋል። ግሪን ቫሊ ራንች ወዳለው የእህቱ ቤት ሲገባ ለሁለት ወር ብሎ ነበር። ሁለቱ ወር ሰባት ዓመት ሲሆን ማንም ምንም አላለም። ኪራይ አልጠየቁትም፤ እሱም አልከፈለም። በምትኩ በየወሩ አንድ ከረጢት ጤፍ ያስገባል፣ ከጋራዡ ደጅ በረዶ ይጠርጋል፣ በቤቱ ውስጥ የሚበላሸውን ሁሉ ሳይነግሩት ይሠራል። እህቱ አያልነሽ በስምንት ዓመት ትበልጠዋለች። በአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ናት፤ ቤቱን የገዛችውም መስፍንን ከማግባቷ በፊት በራሷ ስም ነው። ለዚህ ነው ባንኩ የላከው የብድር ወረቀት የእሷን ፊርማ የሚጠብቀው። መስፍንና ሦስት ጓደኞቹ አውሮራ ውስጥ ያለ፣ ተጎትተው የሚተከሉ ቤቶች ያሉበት አንድ ያረጀ የሞባይል ሆም ሰፈር በሦስት ሚሊዮን ተኩል ዶላር ሊገዙ ተነጋግረዋል፤ ከቅድሚያ ክፍያው የመስፍን ድርሻ መቶ ሰማንያ ሺህ ሲሆን የሚገኘው ቤቱን አስይዞ ነው። ወረቀቱ ከረቡዕ ጀምሮ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። ሁሉም ወተት ለማውጣት ፍሪጁን በከፈቱ ቁጥር ያዩታል፤ ስለ እሱ ግን የሚያወራ የለም። ሰኞ የመጨረሻው ቀን ነበር።

ሰፈሩን ለማየት ሲሄዱ መኪና ውስጥም ብዙ አልተወራም። መስፍን ይነዳል። አሥራ አራት ዓመት ከኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ ወገቡ ስለተጎዳ ከጀርባው ትራስ ያደርጋል፤ በየቀይ መብራቱ ትከሻውን ያንቀሳቅሳል። አያልነሽ ከጎኑ ተቀምጣ የቤንዚን ዋጋ በአንድ ሳምንት ሃያ ሳንቲም መጨመሩን ተናገረች። አስቻለው ከኋላ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የተዋሰውን ጫፉ ላይ ካሜራ ያለበት ረጅም ገመድ ጭኑ ላይ ጠቅልሎ ይዟል። ኅዳር ቢሆንም ፀሐይዋ ደመቅ ብላ ነበር፤ የመንገድ ዳሩ ሣር ግን ደርቆ ገለባ መስሏል። ሲደርሱ የሰፈሩ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ግማሹ ፊደል ረግፎ ስሙ አይነበብም። ከሥሩ ሮቤል ቆሟል፤ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ቤት የሚያሻሽጥ፣ ሰውን ሁሉ «ብራዘር» የሚል ሰው ነው። አርባ ስድስት ቦታ እንዳለ፣ አምስቱ ባዶ እንደሆኑ፣ ኪራዩ በአካባቢው ካለው ሁሉ እንደሚያንስ ነገራቸው። «ባለቤቱ ሽማግሌ ነው፣ ደክሞታል። ከነዋሪዎቹ ጋር ስታወሩ ግን ገዢ ነን እንዳትሉ፤ ዝም ብላችሁ ቤት እንደሚያይ ሰው ሁኑ» አላቸው።

አስቻለው ዕቃውን ይዞ ብቻውን ሄደ። አስፋልቱ ተሰነጣጥቆ በስንጥቁ አረም ወጥቷል። ቤቶቹ ጠባብና ረጃጅም ናቸው፤ አንዳንዱ ቀለሙ ተልጦ ቆርቆሮው ይታያል፣ አንዳንዱ ግን በረንዳው ታጥቦ፣ በድስት የተተከለ አበባ ከብርድ በላስቲክ ተሸፍኗል። የቆመ ጀልባ አየ፤ ባሕር በሌለበት አገር ጀልባ ማን እንዳመጣው ገርሞት አለፈ። የሰፈሩ የልብስ ማጠቢያ ቤት ጀርባ የውሃ ቆጣሪውን ጉድጓድ ከፈተና ቁልቁል ተመለከተ። መርፌው ይዞራል። አሥር ደቂቃ ጠበቀው፤ ፍጥነቱ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ሰው የሚጠቀመው ውሃ እንደዚህ አይሮጥም፤ ይቆማል፣ ይነሳል። ይህ ግን ቀንም ሌትም የሚፈስ ነው። ከዚያ ቀና ብሎ ግቢውን ሲቃኝ፣ ደርቆ ቢጫ በሆነው ሜዳ መሐል፣ ከሠላሳ ቁጥር ቤት ጀርባ ጀምሮ ወደ አጥሩ የሚሄድ፣ ስፋቱ አንድ ሜትር የሚሆን አረንጓዴ ሣር አየ። ጎንበስ ብሎ በእጁ ጫን ሲለው ውሃ በጣቶቹ መሐል ብቅ አለ።

የቆሻሻ ፍሳሹን ጉድጓድ ክዳን ከፍቶ ካሜራውን ወደ ታች እየላከ ሳለ ከበስተኋላው «የአገሬ ልጅ ነህ?» የሚል ድምፅ ሰማ። ነጠላቸውን በጃኬት ላይ የደረቡ ሴትዮ በረንዳቸው ላይ ቆመዋል። ወይዘሮ ጤናዬ ይባላሉ፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ሠላሳ ቁጥር የእሳቸው ቤት ነው። «ጎረቤቴ ያለውን ቤት ልታዩ ነው የመጣችሁት? ሠላሳ አንድን? ጥሩ ቤት ነው። ሰውየው ታሞ ልጁ ጋ ሄደ፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ያችስ ሚስትህ ናት?» አሉ፣ ወደ እነሱ የምትመጣውን አያልነሽን እያዩ። «እህቴ ናት» አላቸው። «ግቡ በሉ፣ ሁለታችሁም፤ በዚህ ብርድ ደጅ አይቆምም።» መስፍንና ሮቤል ወዲያ ማዶ ባዶ ቦታዎቹን እየቆጠሩ ነበር።

ቤታቸው ውስጡ ይሞቃል። መስኮቶቹ ለክረምቱ በላስቲክ ተለብጠዋል። ግድግዳው ላይ የሟች ባላቸው የአቶ ባስልዮስ ፎቶና፣ ከጎኑ ወይዘሮ ጤናዬ ራሳቸው በኤርፖርቱ ሃያ ዓመት ዊልቸር በመግፋታቸው የተሰጣቸው የምስክር ወረቀት ተሰቅሏል። የዝንጅብል ሻይ ቀዱላቸውና ስለ ቤቱ ማውራት ጀመሩ፤ ወሬ የናፈቃቸው ይመስላል። ከባላቸው ጋር በአሥራ ዘጠኝ ሺህ ዶላር እንደገዙት፣ ያኔ የቦታ ኪራዩ አራት መቶ ሃያ እንደነበር፣ አሁን ሰባት መቶ ስልሳ አምስት መድረሱን ነገሯቸው። «ጡረታዬ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አርባ ነው። ኪራዩን እንደምንም እችለዋለሁ። ያልገባኝ የውሃው ነገር ነው።» ከመሳቢያ አንድ ወረቀት አውጥተው ለአያልነሽ ሰጧት። «ዘጠና አራት ዶላር። እዩት እስቲ፤ ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ልብስ የማጥበው በሁለት ሳምንት አንዴ። የዘጠና አራት ዶላር ውሃ ማን ጠጣው? ቢሮ ሄጄ ብጠይቅ የሰፈሩ ውሃ ለሁሉም እኩል ይካፈላል፣ ቆጥቡ አሉኝ። ቆጠብኩ። የዕቃ አጠባውን ውሃ እንኳ አልደፋውም።»

እውነታቸውን ነበር። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ባልዲ አለ፤ የሳህን ማጠቢያው ውሃ እዚያ ይጠራቀምና ሽንት ቤት ይደፋበታል። ይህን የተናገሩት አፍረው አይደለም፤ ብልሃታቸውን እንደሚያካፍል ሰው ነው። ሁለት ዓመት እንዲህ አድርገዋል። እያወሩም ባልዲው ሞልቶ ስለነበር ተነስተው በሁለት እጃቸው አንጠልጥለው ወደ ሽንት ቤት ሄዱ፤ አያልነሽ ከመቀመጫዋ ተስፈንጥራ ልትቀበላቸው ስትል «ተዪው ልጄ፣ ዕድሜ ልኬን ሰው ስገፋ የኖርኩ ነኝ፣ ይቺ ምን አላት» አሏት። ከኮሪደሩ ውሃው ሲደፋ ተሰማ። አስቻለው ወደ መስኮቱ ዞረ። ያ አረንጓዴ ሣር በላስቲኩ ውስጥ ደብዝዞ ይታያል፤ ከቤታቸው ግድግዳ ሃያ እርምጃ አይርቅም። እህቱን አያት። እሷ ደግሞ ሻይዋን ታያለች። እሱ ምን እንዳየ ገና አልነገራትም፤ ሆኖም የወንድሟን ፊት ታውቀዋለች።

ደጅ ሲወጡ አስቻለው ለመስፍንና ለሮቤል ስለሚፈሰው ውሃ ነገራቸው። ሮቤል ፊቱ በራ። «ብራዘር፣ ይሄማ አፕሳይድ ነው የሚባለው፣ ንጹህ ትርፍ! ሊኩን በሦስት ሺህ ዶላር ፊክስ ታደርጉታላችሁ። የውሃ ወጪያችሁ በግማሽ ይወርዳል፤ ከነሱ የምትቀበሉትን ግን መቀነስ አይጠበቅባችሁም።» መስፍን ሳቀ፤ አያልነሽን ሲያያት ግን ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። እሷ መኪናው ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች።

ለምሳ አንድ የቬትናም ሾርባ ቤት ገቡ። ሾርባው አሥራ አራት ዶላር ከሃምሳ ሆኗል፤ መስፍን ባለፈው ዓመት አሥራ አንድ እንደነበር ተናገረ። ሦስቱም ነገሩን እየሸሹ ለጥቂት ጊዜ ስለ ሾርባ አወሩ። በመጨረሻ መስፍን ማንኪያውን አስቀመጠ። «በል ኢንጂነር፣ ንገረን።»

አስቻለው ብዙ ማውራት አይወድም፤ ስለ ቧንቧ ሲሆን ግን ቃል አይጠፋውም። ፍሳሹ የሸክላ ቱቦ እንደሆነ፣ የዛፍ ሥር ገብቶበት በካሜራው ባየባቸው አራት ቦታዎች መፍረሱን፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ መሬቱ ሰጥሞ ቱቦው እንደ ኮሮጆ ወደ ታች መርገቡን ነገራቸው። የውሃው መስመርም ብረት ነው፣ ዝጎ አልቋል፤ አንዱን ቀዳዳ ሲደፍኑት ግፊቱ ሌላ ቦታ ይበሳዋል። «ሁሉም ከሥሩ መቀየር አለበት። አራት መቶ ሺህ ዶላር የማይሞላ ዋጋ የሚነግራችሁ ሰው ይዋሻችኋል።»

«ባለበት እየለጠፍን ብንሄድስ?»

«አንድ ዓመት ይሰነብታል። ሁለትም ሊሆን ይችላል። ከዚያ አንድ ክረምት ላይ ፍሳሹ ተመልሶ በየቤታቸው ይወጣል።»

መስፍን ስልኩን አውጥቶ ቁጥር መደመር ጀመረ። «ኪራይ መጨመር የሚቻለው በዓመት አንዴ ነው። በሁለት ዙር አንድ ሺህ ሃምሳ ብናደርሰው... አርባ አንድ ቤት ሲባዛ...»

«ለእማማ ጤናዬ ስንት ይተርፋቸዋል?» አለች አያልነሽ። መስፍን ማን እንደሆኑ አላወቀም። «እኚያ ሻይ ያጠጡን ሴትዮ። ጡረታቸው አንድ ሺህ ሁለት መቶ አርባ ነው። አንድ ሺህ ሃምሳ ላንተ ይከፍላሉ። ዘጠና አራት ለሚፈሰው ውሃ። ዘጠና ስድስት ዶላር ይቀራቸዋል። መድኃኒታቸውን አይቼዋለሁ፤ አንዱ ብቻ አርባ ነው።»

«እኔ ነኝ እንዴ ድሃ ያደረግኳቸው?»

«አይደለህም» አለችው ለስለስ ብላ። «ግን ቤቴን አላስይዝም።»

በአሥራ ስድስት ዓመት ትዳር «ቤቴ» ብላ አታውቅም፤ ሁሌ «ቤታችን» ነበር። መስፍን ቃሉን ሰማ፤ አስቻለውም ሰማ። አስተናጋጇ መጥታ ውሃ ሞልታላቸው ሄደች። ከኋላቸው ያለ ቤተሰብ ለልጁ ልደት ያጨበጭባል። መስፍን የሾርባውን ሳህን ገፋ አደረገና፣ «ስግብግብ ሆኜ አይደለም እኮ አያል» አለ። «ወገቤ ነው። ሌላ አሥር ዓመት መሪ ይዤ መቀመጥ አልችልም። ቁጭ ብሎ የሚበላ ሰው መሆን አማረኝ።» አያልነሽ እጇን ጀርባው ላይ፣ ልክ በሚያመው ቦታ አሳረፈች። «አውቃለሁ። ሌላ ነገር እንፈልጋለን። አራት መቶ ሺህ የሚፈጀውን በሦስት ሺህ ይሠራል ካሉህ ነገር ግን አንድዬ ነው ያወጣህ፤ ወንድሜን አመስግነው።» መስፍን ዞሮ አስቻለውን አየው። «የዛሬውን ምሳ አንተ ትከፍላለህ» አለው፤ ሦስቱም ሳቁ። ሳቁ ካለቀ በኋላ ለሮቤል ደወለና በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነገሩን ጨረሰው። ስልኩን ሲዘጋ ትከሻው ወረድ ብሎ ነበር፤ ማዘኑን ባይደብቅም ሸክም እንደወረደለት ያስታውቅ ነበር።

«ውሃው የት እንደሚፈስ ልነግራቸው እፈልጋለሁ» አለ አስቻለው መኪና ውስጥ።

«ንገራቸው፤ እኔ ምን ቸገረኝ» አለ መስፍን። «ጠዋት ገዢ ነበርን፤ አሁን መንገደኛ ነን።»

ከቀትር በኋላ አስቻለው በራሱ ፒክአፕ ተመለሰ። ወይዘሮ ጤናዬን በረንዳቸው ላይ አገኛቸውና ቆቡን አውልቆ እውነቱን ነገራቸው፤ ጠዋት የመጡት ቤት ሊያዩ ሳይሆን ሰፈሩን ሊገዙ እንደነበር፣ አሁን ግን እንደተዉት። እሳቸው ሳቁ። «አውቄያለሁ ልጄ። ቤት የሚገዛ ሰው ጣራ ጣራውን ነው የሚያይ፤ እናንተ መሬት መሬቱን ስታዩ ነበር።» ከዚያ ወስዶ አረንጓዴውን ሣር አሳያቸው። እግራቸውን አንስተው ሲረግጡት ጫማቸው በውሃ ተከበበ። «እዚህ ነው?» አሉ። «ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ በመስኮት የማየው ሣር? እኔ እኮ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሁሉ ደርቆ እሱ ብቻ ለምልሞ።» ፊታቸው ጠቆረ፤ ሊያለቅሱ ነው ብሎ ፈራ። እሳቸው ግን ወደ ማዶው ቤት ዞረው በስፓኒሽ ተጣሩ። ኤርፖርት ሲሠሩ የለመዱት ስፓኒሽ ነው። አንድ ወፍራም ሰውዬ በሸሚዝ ብቻ ወጣ፤ ከኋላው ሚስቱ፣ ከዚያ ሌሎች ሁለት ጎረቤቶች መጡ። ወይዘሮ ጤናዬ አስቻለውን እየጠቆሙ ሲናገሩ ሁሉም ሣሩን በተራ ረገጡ።

ነዋሪዎቹ ሰፈሩ ሊሸጥ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሷቸዋል፤ በሕጉ መሠረት እነሱም ተደራጅተው ለመግዛት ዋጋ የሚያቀርቡበት መቶ ሃያ ቀን አላቸው። ማክሰኞ ልብስ ማጠቢያ ቤት ይሰበሰባሉ። የሚያበድራቸው ድርጅት አግኝተዋል፤ ያጡት ከመሬት በታች ያለውን የሚነግራቸው ሰው ነበር። አስቻለው ቀይ ቀለም አውጥቶ ከቆጣሪው እስከ አጥሩ የሚፈስበትን መስመር ቀባ፤ የቆጣሪውን ንባብ ፎቶ አነሳላቸው፤ በካሜራው የቀረጸውን ሁሉ ላከላቸው። አራት መቶ ሺህ የሚለውን ቁጥር ሲሰሙ ደነገጡ። ወፍራሙ ሰውዬ ግን ቶሎ ገባው። ይህ ቁጥር ከመሸጫው ዋጋ ላይ የሚቀነስ ነው። አስቻለውን እጁን ይዞ እስኪያመው ናጠው።

ሰዎቹ ሲበተኑ ወይዘሮ ጤናዬ የሠላሳ አንድን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ። «ጠዋት ሳታየው ሄድክ» አሉት። ገባ። ሁለት መኝታ ክፍል ያለው ባዶ ቤት ነው፤ ምንጣፉ ተነስቶ ጣውላው ይታያል። በየክፍሉ ወለሉ ላይ ዘለለ፤ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ሰጠም አለ። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ተንበርክኮ መገጣጠሚያዎቹን በጣቱ ዳሰሰ፤ ደረቅ ናቸው። ከኩሽናው መስኮት የከሰዓቱ ፀሐይ ገብቶ እስከ በሩ ድረስ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። አስቻለው ከመሬት በላይ ባለ መኝታ ክፍል ከተኛ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ይህን ያሰበው ግን ብርሃኑ ውስጥ ከቆመ በኋላ ነው። መስኮቱ ላይ በተለጠፈው የስልክ ቁጥር ደወለ። የታመመው ባለቤት ልጅ ሃያ ሦስት ሺህ አለችው፤ አሥራ ዘጠኝ አለ፤ ሃያ አንድ ላይ ተስማሙ። ባንክ ያለው ገንዘብ ሠላሳ አንድ ሺህ ነበር።

«ፍሳሹ ፈርሷል ብለህ ራስህ ነግረኸን እንዴት ትገዛለህ?» አሉት ወይዘሮ ጤናዬ።

«ብልሽቱን አውቀዋለሁ፣ እማማ። የሚያስፈራኝ የት እንዳለ የማላውቀው ነው።»

አያልነሽ ስትደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። በስልክ የነገራት «ነይና አንድ ነገር እዪልኝ» ብሎ ብቻ ነው። ገብታ መሐል ወለል ላይ ቆመች፤ ባዶውን ክፍል አየች፤ እሱን አየችው፤ ገባት። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አላወረደችም።

«ምን አልንህ?» አለችው። ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር። «እኔ ወይ መስፍን፣ አንድ ቀን ምን አልንህ?»

«ምንም አላላችሁኝም» አላት። «ሰባት ዓመት ሙሉ ምንም አላላችሁኝም። እግዜር ይስጥልኝ አያልዬ።»

አያልነሽ መኝታ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ገብታ አየች፤ የቁም ሳጥን በር ስትከፍትና ስትዘጋ ይሰማዋል። ስትመለስ ዓይኗን ጠርጋ ነበር። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ወደ ትልቁ መስኮት ሄደችና፣ ክንዷን መስታወቱ ላይ አጋድማ ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ መለካት ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ትንሽ ፈቀቅ ብላ አራት።

«ለመጋረጃ ሰማያዊ አትወድም አይደል?» አለችው ሳትዞር።

«አልወድም።»

«አውቃለሁ» አለችና ወደሚቀጥለው መስኮት አለፈች።